ቀን ቀን የሚጥላችሁ እንቅልፍ፦ ስንፍና፣ ድካም ወይስ ናርኮሌፕሲ?

በዚህ ትምህርት ብዙም ስለማይወራለት አንድ የእንቅልፍ በሽታ እንማማራለን። ስሙ ናርኮሌፕሲ ይባላል። በአረብኛ «ነውም ቀህሪ» ይሉታል፤ በግድ የሚመጣ እንቅልፍ እንደማለት ነው።

እኔ ቤይሩት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። አሁን ደግሞ በበጎ ፈቃድ እህቶችን ሐኪም ቤት እያጀብኩ አስተረጉማለሁ። ሐኪም ፊት ደጋግሜ የምሰማት አንዲት ቃል አለች፤ «ከስላና»። ሰነፍ ማለት ናት። ማዳም ትላታለች፣ የመክተቡ ሰውዬ ይላታል፣ ቆይቶ ልጅቷ ራሷም ራሷን በዚያው ስም መጥራት ትጀምራለች። «ምን ላርግ፣ ሰነፍ ሆኛለሁ» ትላለች። ሐኪም ዘንድ ሳትሄድ ዓመታት ያልፋሉ።

ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥላት ሴት ሁሉ ናርኮሌፕሲ አለባት ማለት አይደለም። አብዛኞቻችን የሚያስቸግረን እንቅልፍ ማጣት ነው። ግን በደንብ ተኝታም የሚጥላት አለች። ሁለቱን መለየት ስለሚያስፈልግ ከዚያው እንጀምር።

መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ እስኪበቃኝ ተኝቻለሁ ወይ?

ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። አሁን የራሳችሁን ቁጠሩ። እንግዳ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሄደ፣ እቃ ታጥቦ 8 ሰዓት ከተተኛ፣ ልጆቹ ለትምህርት ቤት 11 ሰዓት ተኩል ከተነሱ፣ የተኛችሁት ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ሕፃን ክፍል የምትተኙ ከሆነ ያንኑም በቁርጥራጭ ነው። ረመዳን ላይ ደግሞ ይብሳል። በዚህ ሁኔታ ቀን ላይ ማንጎላጀት በሽታ አይደለም። ሰውነታችሁ ዕዳውን እየጠየቀ ነው።

እንቅልፍ ከማጣት ሌላ ቀን ላይ የሚያደክሙና የሚያስተኙ ነገሮች አሉ፦

• የደም ማነስ፤ በተለይ የወር አበባ ሲበዛና ምግብ ሲጎድል
• የታይሮይድ እጢ በደንብ አለመሥራት
• ሌሊት በኃይል ማንኮራፋትና ትንፋሽ መቆራረጥ
• ድብርትና ጭንቀት
• እርግዝና
• አንዳንድ የጉንፋን፣ የአለርጂና የጭንቀት መድኃኒቶች

እነዚህ ከናርኮሌፕሲ ይልቅ በብዛት የሚያጋጥሙ ናቸው፤ ብዙዎቹም በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ስለዚህ «ናርኮሌፕሲ አለብኝ» ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት እነዚህ ይታዩ።

ናርኮሌፕሲ ምንድን ነው?

አእምሯችን ውስጥ መንቃትንና መተኛትን የሚቆጣጠር ክፍል አለ። እዚያ ያሉ ጥቂት ሕዋሳት ኦሬክሲን የሚባል ነገር ያመነጫሉ፤ ሥራው ነቅተን እንድንቆይ ማድረግ ነው። ዋነኛው የናርኮሌፕሲ ዓይነት ባለባቸው ሰዎች እነዚህ ሕዋሳት አልቀዋል ወይም በጣም ቀንሰዋል። ስለዚህ በመንቃትና በመተኛት መካከል ያለው በር በደንብ አይዘጋም። ቀን ላይ እንቅልፍ ይገባል፣ ሌሊት ደግሞ መንቃት ይገባል።

በሽታውን በ1880 እ.ኤ.አ. በዚህ ስም የጠራው ዤሊኖ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ኦሬክሲን ግን የተገኘው ብዙ ዘግይቶ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ከሁለት ሺህ ሰው አንድ ሰው ላይ እንደሚገኝ ይገመታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። እኛ ለሥራ ከአገር የምንወጣበት ዕድሜም ይኸው ነው። ለዚህ ነው አንዳንዷ እህት «አገሬ እያለሁ ደህና ነበርኩ፣ እዚህ መጥቼ ነው እንዲህ የሆንኩት» የምትለው።

ናርኮሌፕሲ አይተላለፍም። እብደት አይደለም። ጂን ወይም የሰው ዓይን ያመጣው አይደለም። ጸበል የምትጠመቁ፣ ዱዓ የምታስደርጉ እምነታችሁን ቀጥሉ፤ ሐኪሙንም ግን አትተዉ።

አምስቱ ምልክቶች

1. ቀን ላይ የማይቻል እንቅልፍ

ይህ ሁሉም ታማሚ ላይ ያለ ምልክት ነው። ሌሊት ተኝታም ቢሆን ቀን ላይ እንቅልፍ በድንገት ይመጣባታል። ሽንኩርት ስትልጥ፣ ልብስ ስታጥፍ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጣ፣ አንዳንዴም ከሰው ጋር እያወራች ትተኛለች። አሥርና ሃያ ደቂቃ ብትተኛ ትነቃና ደህና ትሆናለች፤ ከአንድ ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ግን ተመልሶ ይመጣል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁለት ሳምንት ጠግቦ ቢተኛ ይሻለዋል። ናርኮሌፕሲ ያለባት ግን ጠግባ ተኝታም ይመጣባታል።

2. በሳቅ ወይም በንዴት ሰውነት መክዳት

ካታፕሌክሲ ይባላል። ሌላ በሽታ ላይ እምብዛም ስለማይገኝ ሐኪሙ በጣም የሚፈልገው ምልክት ይህ ነው። ሰው ሲያስቃት፣ ስትደነግጥ ወይም ስትናደድ ጡንቻዋ በድንገት ይዝላል። አንዳንዷ አገጯ ይወርዳል፣ ንግግሯ ይንተባተባል። አንዳንዷ እጇ ይዝልና የያዘችውን ትጥላለች። አንዳንዷ ጉልበቷ ይከዳትና ትወድቃለች። ከጥቂት ሴኮንድ እስከ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። በዚያን ጊዜ ራሷን አትስትም፤ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች።

አንዲት እህት ሐኪም ፊት እንዲህ ብላ ነገረችን፦ የቤቱ ትንሽ ልጅ ሲያስቃት የቡና ትሪ ከእጇ ይወድቃል። ሦስት ጊዜ ሆነ። የብርጭቆው ዋጋ ከደሞዟ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ልጁ ሲመጣ ፊቷን አዙራ መሄድ ጀመረች፤ ማዳሟ ደግሞ «ልጄን አትወደውም» አለች። የምትሸሸው ግን ልጁን ሳይሆን ሳቁን ነበር። ካታፕሌክሲ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ሳያውቁት እንዲህ ይሆናሉ፤ እንዳይወድቁ ሲሉ ሳቅና ጨዋታ ይሸሻሉ።

ካታፕሌክሲ የሌለበት ናርኮሌፕሲም አለ። ስለዚህ «እኔ አልወድቅም፣ ስለዚህ የለብኝም» አትበሉ።

3. ዱካክ

አገር ቤት ዱካክ ተጫነኝ የምንለው ነው። ልትተኙ ስትሉ ወይም ስትነቁ አእምሮ ነቅቶ ሰውነት አልንቀሳቀስ ይላል። መጮህ ትፈልጋላችሁ፣ ድምፅ አይወጣም። ጥቂት ቆይቶ በራሱ ይለቃል። ዱካክ እንቅልፍ ያጣን ጤነኛ ሰውም ይይዛል። ስለዚህ ብቻውን ከመጣ ናርኮሌፕሲ ነው አይባልም። ቀን ላይ ከሚጥለው እንቅልፍ ጋር አብሮ ሲደጋገም ግን ለሐኪም መነገር አለበት።

4. በመተኛትና በመንቃት መካከል የሚታይ ነገር

ክፍሉ ውስጥ ሰው የገባ ይመስላል፣ የእግር ኮቴ ይሰማል፣ ጥላ ይታያል፣ የሚነካም ያለ ይመስላል። ይህ ሕልም ነው። ናርኮሌፕሲ ያለባት ሰው ገና እንደተኛች፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሕልም ልትጀምር ትችላለች። ሌላው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ሕልሙ ሳይጠበቅ ስለሚመጣ እውነት ይመስላል።

እዚህ ላይ አደራ። የክፍላችሁ በር የማይቆለፍ ከሆነና በእርግጥ ሰው የገባ ከመሰላችሁ «ሕልም ነው» ብላችሁ አትለፉት። የተነሳ ልብስ፣ የተከፈተ በር፣ ሰውነት ላይ ምልክት ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለምታምኑት ሰው ወዲያው ንገሩ።

5. የተቆራረጠ የሌሊት እንቅልፍ

ቀን ሙሉ ስታንጎላጅ የዋለች ሴት ሌሊት ደግሞ በየሰዓቱ ልትነቃ ትችላለች። ይህ ሰውን ግራ ያጋባል። «ሌሊት ስልክ ስትነካኪ ታድሪያለሽ» የሚለው ክስም ከዚህ ይመጣል።

ከእነዚህ ሌላ እጅ በልማድ ሥራውን እየቀጠለ አእምሮ የሚተኛበት ጊዜ አለ። ሻይ ውስጥ ጨው ይጨመራል፣ ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ ይገኛል፣ የታጠበው እንደገና ይታጠባል። በኋላ ሲጠየቁ ምንም አያስታውሱም። ሰዎች «ትዋሻለች» የሚሉት ይህን ነው።

ከሚጥል በሽታ በምን ይለያል?

በሚጥል በሽታ የምትወድቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሷን ትስታለች። ልትንቀጠቀጥ፣ ምላሷን ልትነክስ፣ ሽንት ሊያመልጣት ይችላል፤ ስትነቃም ግራ ይገባታል። በካታፕሌክሲ የወደቀች ግን ሁሉን ትሰማለች፤ ሲለቃትም ወዲያው መናገር ትችላለች። ይህን ልዩነት ለሐኪሙ ንገሩ። የምታምኗት ሰው ካለች በስልክ ቪዲዮ ብትቀርጽላችሁ ከብዙ ቃል በላይ ይጠቅማል።

ሥራ ላይ ምን ምን አደገኛ ነው?

እኛ የምንሠራው ቢሮ ተቀምጠን አይደለም። እሳት፣ ዘይት፣ መስታወትና ሕፃን አጠገብ ነው። ስለዚህ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ እነዚህን አስቡ፦

• ሕፃን ማጠብ፦ እንቅልፉ እየመጣ ሳለ ሕፃን ገንዳ ውስጥ አታጥቡ። ሰው ቤት ባለበት ሰዓት ይሁን።
• ሕፃን ማቀፍ፦ ሶፋ ላይ አቅፋችሁ አትቀመጡ፤ እዚያ መተኛት ለሕፃኑ የትንፋሽ አደጋ ነው። ከባሰባችሁ አልጋው ውስጥ አስተኙት።
• መጥበስ፦ ጥብስ ያለበትን ሥራ ከትንሽ እንቅልፍ በኋላ አድርጉት። የምድጃ ሰዓት ወይም የስልክ ማንቂያ ሙሉ። የድስት እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር።
• ካውያ፦ ሥራው አንድ ዓይነት ስለሆነ እንቅልፍ ይጠራል። በየ15 ደቂቃው ነቅላችሁ ተነሱ፣ ውኃ ጠጡ።
• መሰላልና መስኮት፦ ሰውነት የሚከዳችሁ ከሆነ ፎቅ ላይ የውጭ መስኮትና በረንዳ አትጥረጉ። ይህ ለጤነኛ ሰውም አደገኛ ነው።

አደጋ ከደረሰ አምቡላንስ፦ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ኳታር 999፣ ሊባኖስ ቀይ መስቀል 140።

ጉዳቱ ሥራ ላይ ብቻ አይደለም። ቤተሰብ ሲደወልላቸው መሃል ላይ የሚተኙ አሉ፤ እናት «ልጄ ምን ሆነች» ብላ ትጨነቃለች። ቀጠሮ ይረሳል፣ ጓደኛ ይቀየማል። ከዚያ ብቸኝነትና ድብርት ይከተላል። ድብርቱም መታከም ያለበት በሽታ ነው፤ ለሐኪሙ እሱንም ንገሩ።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ

መጀመሪያ አንድ ደብተር ያዙ። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ስንት ሰዓት ተኛችሁ፣ ስንት ጊዜ ነቃችሁ፣ ስንት ሰዓት ተነሳችሁ፣ ቀን ላይ የት ሆናችሁ እንቅልፍ ጣላችሁ፣ ስትስቁ ምን ሆናችሁ ብላችሁ ጻፉ። ሰዓቱን በስልክ እንደሚታየው ጻፉ። በሐበሻ ሰዓት «3 ሰዓት» ብትጽፉ ሐኪሙ የሚገባው ሌላ ነው።

የሚያየው የነርቭ ሐኪም ነው፤ በአረብኛ «ዱክቱር አዕሳብ»። እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ያዙ፦

• «አናም ጘስብ ዐኒ» — ሳልፈልግ እተኛለሁ
• «አና መሪዳ፣ ሙ ከስላና» — ታምሜ ነው፣ ሰነፍ አይደለሁም። ሊባኖስ ውስጥ «ሚሽ ከስላኔ» በሉ።

ከቻላችሁ የሚያስተረጉምላችሁ ማዳሟ ሳትሆን ሌላ ሰው ይሁን። «ስንት ሰዓት ትተኛለች?» ሲባል መልሱ ከእናንተ አፍ መውጣት አለበት።

ሐኪሙ ኤፕዎርዝ የሚባል ስምንት ጥያቄ ያለው ወረቀት ሊሰጣችሁ ይችላል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ10 ከበለጠ ቀን ላይ የሚመጣው እንቅልፍ ከልክ በላይ ነው ማለት ነው። ግን ጥያቄዎቹ «ተቀምጠሽ ስታነቢ»፣ «ቴሌቪዥን ስታዪ»፣ «ከምሳ በኋላ ዝም ብለሽ ስትቀመጪ» የሚሉ ናቸው። ብዙዎቻችን «እኔ መች ተቀምጬ አውቃለሁ» ብለን 0 እንሞላለን። እንዲህ አታድርጉ። ጥያቄው «ብትቀመጪ ትተኛለሽ ወይ?» ነው። ነጭ ሽንኩርት ስትልጡ፣ ልብስ ስታጥፉ የሚሆነውን አስቡና መልሱ።

ዋናው ምርመራ እንቅልፍ ክፍል ውስጥ ይደረጋል። ራስና ፊት ላይ ቀጫጭን ሽቦ ተለጥፎ አንድ ሌሊት ይታደራል። በማግስቱ በየሁለት ሰዓቱ አራት ወይም አምስት ጊዜ እንድትተኙ ይደረጋል። በአማካይ በ8 ደቂቃ ውስጥ ከተኛችሁና ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ቶሎ ወደ ሕልም ከገባችሁ ናርኮሌፕሲ ሊሆን ይችላል። አያምም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከምርመራው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል በቂ እንቅልፍ ካልተኛችሁ ውጤቱ ይሳሳታል። በሥራ ብዛት እንቅልፍ ያጣች ጤነኛ ሴት ናርኮሌፕሲ ያለባት ልትመስል ትችላለች። ስለዚህ ሐኪሙን «ከምርመራው በፊት በቂ እንቅልፍ እንደሚያስፈልገኝ በወረቀት ጻፍልኝ» በሉት። ያች ወረቀት ለምርመራው ታስፈልጋለች፣ ለማዳምም ትታያለች። ችግራችሁ እንቅልፍ ማጣት ብቻ ከነበረ ደግሞ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ለውጡ ይታያል።

ሕክምናው

ናርኮሌፕሲን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ምልክቱን የሚቀንስ ግን አለ፤ ታክመው ሥራቸውን የሚሠሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ ናቸው። ከመድኃኒት በፊት ሁለት ነገር ይረዳል፦ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መተኛትና መነሳት፣ ቀን ላይ ደግሞ በታወቀ ሰዓት ሁለት ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መተኛት። ቡና ጠዋት ይጠቅማል፤ ከሰዓት በኋላ ከጠጣችሁ ግን ሌሊቱን ይበልጥ ያበላሸዋል።

ነቅቶ ለመቆየት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሞዳፊኒል ነው። ለካታፕሌክሲ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ስለ እነዚህ ሦስት ነገር እወቁ፦

• ሞዳፊኒል የወሊድ መከላከያ ኪኒንን፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውንም ጭምር ያዳክማል፤ ካቆማችሁ በኋላም ለሳምንታት። የምትጠቀሙ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። ካረገዛችሁም ንገሩ።
• መድኃኒቱን ሳትጠይቁ በድንገት አታቁሙ። በተለይ የካታፕሌክሲው መድኃኒት በአንዴ ከቆመ መውደቁ ሊብስ ይችላል።
• የማነቃቂያና የእንቅልፍ ኪኒን እዚህ አገሮች ጥብቅ ቁጥጥር አለበት። ከጓደኛ አትቀበሉ፣ ያለ ሐኪም ወረቀት ቦርሳ ውስጥ አትያዙ። ጫትም «እንዲያነቃኝ» ብሎ መሞከር አይገባም፤ ሳዑዲም ኤምሬትስም የተከለከለ ነው፣ ያሳስራል።

ለአሠሪ እንዴት ይነገር?

እውነቱን ለመናገር «ታምሜያለሁ» ማለት ያስፈራል። «ወደ አገርሽ» የሚባል መልስ እንዳለ እናውቃለን። ስለዚህ በቅደም ተከተል አድርጉት። ከበሽታው ስም አትጀምሩ፤ ከእንቅልፉ ጀምሩ። «በቂ ስተኛ ሥራዬ ይሻላል፣ ልጁም ከአደጋ ይጠበቃል» በሉ። የሐኪም ወረቀት ሲኖር አሳዩ፤ ከመስጠታችሁ በፊት ግን ፎቶ አንሡና ለምታምኑት ሰው ላኩ።

የእረፍት ሰዓት ልመና አይደለም። የየአገሩ ሕግ እንዲህ ይላል፦

• ሳዑዲ፦ በ2024 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ሥራ በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ 8 ተከታታይ ሰዓት እረፍት እንዲኖር ያዛል።
• ኤምሬትስ፦ የ2022 ሕግ በቀን 12 ሰዓት እረፍት ይሰጣል፤ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ተከታታይ መሆን አለበት።
• ኳታር፦ በ2017 ሕግ ሥራ በቀን ከ10 ሰዓት አይበልጥም።
• ኩዌት፦ በ2015 ሕግ ከ12 ሰዓት አይበልጥም።
• ሊባኖስ፦ የ1946 የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን አያካትትም፤ ስለዚህ የፈረማችሁትን ውል ያዙ።

በኤምሬትስና በኳታር ሕግ የሕክምና ወጪ የአሠሪው ኃላፊነት ነው።

ወደ አገር ለመመለስ ከተወሰነ ያልተከፈለ ደሞዛችሁን ሳትቀበሉ ወረቀት አትፈርሙ። የምርመራ ውጤቱንና የመድኃኒቱን ስም ይዛችሁ ሂዱ። አገር ቤት የነርቭ ሐኪሞች በብዛት ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም የነርቭ ክፍል አለው። ወረቀቱ ካለ ሕክምናው ከዜሮ አይጀምርም።

ለማስታወስ

1. ጠግባችሁ ተኝታችሁም ቀን ላይ የሚጥላችሁ ከሆነ ሐኪም ይያችሁ።
2. ስትስቁ ወይም ስትናደዱ ጉልበት፣ እጅ ወይም አገጭ ከከዳችሁ ይህን ከሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩ።
3. የሁለት ሳምንት ደብተር ያዙ፣ በስልክ ሰዓት።
4. እሳት፣ ከፍታና ሕፃን ላይ ተጠንቀቁ።
5. ሌላዋ እህት ስታንጎላጅ ካያችሁ «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ሰዓት ተኛሽ?» በሏት።